በታሰረ ዓይን የተቀመሰችው ቲማቲም

ሽማግሌው ጓሯቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ዓይናቸው በሻሽ እንደታሰረ ነበር። ፊት ለፊታቸው መክተፊያ ላይ የቀላ ግማሽ ቲማቲም ተቀምጧል። ያገኘቻቸው ምራታቸው ናት፤ የምሳ ሾርባቸውን ያቀረበችውም እሷው። ታዲያ መዘዙ በማን ላይ ሊመጣ ነው?

«ተመርዘዋል» አለች መርማሪዋ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ዝግተኛ ሴት።

 የምራት ባል ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል። የስምንት ወር ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እኔን ቢያስሩኝ ይህን ማን ያጠባዋል? አለች በልቧ።

«ዓይናቸው ለምን ታሰረ?»

«አባባ የሰው ቲማቲም ሲቀምሱ ያስሩታል። ዓይን ያዳላል፣ ምላስ አያዳላም ይላሉ።»

«የራሳቸውን ሲቀምሱስ?»

«የራሳቸውንማ ምን ብለው!»

መርማሪዋ ጓሮውን ዞረችው። የሽማግሌው ቲማቲም ትልቅ ነው፤ ቶሎ አይደርስም፣ ዝናብ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ ጣዕሙ ግን ጉድ ነው። ዘንድሮ ገና አንድም አልቀላም። ከሬሳው አጠገብ ከተደረደሩት የዘር መዘፍዘፊያ ብርጭቆዎችም ውሃና ፍሬ የያዘው አንዱ ብቻ ነው።

«የሰው ዘር ያስቀምጣሉ?»

«ኧረ ወዲያ! ለዶሮ ነው የሚጥሉት።»

ጎረቤታቸው ዘር ነጋዴው ሲጠየቅ ደም ሥሩ ተገተረ። «ምሳ ያበላችውን ትተው እኔን? ቲማቲም የማበቅልበት ፕላስቲክ ቤቴ ውስጥ ነው የዋልኩት። ነገ አዲስ ዝርያ የማስመርቅ ሰው፣ ለዚህ ጊዜ አለኝ?» የሟች ታናሽ ወንድም ግን ሲያለቅስ ዋለ።

በማግስቱ ሦስቱም ሳሎን ተሰበሰቡ።

«መርዙ የተገኘው ሾርባው ውስጥ ነው» አለች መርማሪዋ።

አለቀልኝ! ምራት የልጇን አንቀልባ አጥብቃ ያዘች።

«ቲማቲሙ ግን ንጹሕ ነው። የመጨረሻ ቅምሻቸው ናትና ቅመሱላቸው።»

ወንድምየው እያለቀሰ ጎረሰ። ምራትም ጎረሰች። ነጋዴው ሳህኑን ገፋው።

«አይ... ቲማቲም አይስማማኝም።»

«ቲማቲም የማይስማማው ዘር ነጋዴ! መርዙ ሾርባው ውስጥ አልነበረም። ቲማቲሙ ውስጥ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ገዳዩ ብቻ ነው።»

«ውጬዋለሁ እኮ!» አለች ምራት።

«አትፍሪ ልጄ፣ የዛሬውን ከገበያ ነው የገዛሁት።» ወደ ነጋዴው ዞረች። «ጓሮው ሁሉ ጥሬ ነው። ስለዚህ የቀላው ከእርስዎ ፕላስቲክ ቤት መጣ። ዓይናቸው መታሰሩም የሰው ቲማቲም ሊቀምሱ እንደነበር ይነግረናል። እርስዎ ሽማግሌው አንዴ እንደጎረሱ አይተው ሸሹ። እሳቸው ግን ሻሹን እንኳ ሳይፈቱ፣ በዳበሳ ፍሬውን ብርጭቆው ውስጥ ጨመቁት። የሰው ዘር የማያስቀምጡ ሰው! ለምን? አዲስ የሚሉት ዝርያ ከእሳቸው ጓሮ የተሰረቀ መሆኑን ምላሳቸው ነገራቸው። እርስዎም የፈሩት በምረቃው ላይ ይህንኑ እንዳይናገሩ ነበር።»

 በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ነጋዴውን ይዘውት ወጡ።

ልጁ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ምራት ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው፤ ጡቷን ልታወጣ ስትል እጇ ቆመ።

«እውነት... ከገበያ ነው የገዙት?»

«ግማሹን እኔው ለቁርሴ በልቼዋለሁ፣ ልጄ።»

ያኔ አጠባችው።