ካራማራ ላይ ሙሉ ባትሪ

«አዲሱ ፊቷ ነው ወይስ ራሷ?»

ሰውዬው ይህን የጠየቀው የግራጫዋን መኪና የፊት መብራት በጣቱ እየዳሰሰ ነው። በብብቱ የሽቶ ካርቶን ይዟል። ላየው ሰው ከአዲስ አበባ ዕቃ ሊገዛ የወረደ ነጋዴ ነው።

«ፊቷ ብቻ» አለ ዘነበ።

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውዬው ደረጄ ይባላል። ከደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ በስልክ ሲነጋገሩ «አጎቴ» ነው። ዘነበ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «አናጢ» ተብሏል።

ቶጎጫሌ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከባድ መኪኖች የድንበሩ ገመድ እስኪወርድላቸው ተሰልፈው አቧራ ይጠጣሉ። የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ። በዚህ ግርግር መሀል ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና ቢከራከሩ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ዘነበ ኮፈኑን ከፈተ። ሁለቱም አጎነበሱ።

«ዕቃው እዚህች ላይ ነው» አለ። «የሌሎቹን ፊት የምንቀይረው ጅግጅጋ ነው። ይቺ ግን ተቀይራ መጣች። ከአፍንጫዋ ሥር፣ ከአዲሱ ፓራውልት ጀርባ ሁለት መቶ የፈንጂ ማቀጣጠያ አለ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ይህን ለመንካት ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ስምንት ወር ሙሉ ጅግጅጋ ውስጥ የዐቦኮር ጋራዥ ቴክኒሻን ነበር። ዐቦኮር የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የኤሌክትሪክ መኪኖች በድንበር ያስገባል። ዘነበ መብራቱን፣ ፓራውልቱንና ስክሪኑን ይቀይርና የዘንድሮ ሞዴል ያስመስላቸዋል። ገዢው አዲስ መኪና ገዛሁ ብሎ ሻጮቹን ይመርቃል። ማጭበርበር ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ያሳሰበው ግን ማጭበርበሩ አልነበረም። የነዳጅ ሞተር የሌለው የመኪና አፍንጫ ሰፊ ነው፣ ብዙ ነገር ይይዛል።

«የሻንሲ ቁጥሯን ማን ሰጠህ?» አለ ደረጄ።

ዘነበ ዓይኑን ወደ ባትሪው ሽቦ መለሰ። ይህን ስም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ሰውህን ዛሬ ላውጣልህ እያልኩህ ነው ወንድሜ። ስም ሳይኖረኝ ኬላው ላይ ማንን አሳልፋለሁ?»

እውነቱን ነው።

«ኢዲል» አለ ዘነበ። «የመኪኖቹን ወረቀት የምትይዘው።»

አንድ ቃል ነው። ከአፉ ሲወጣ ደረቱ ቀለለው፣ ምስኪን።

ስምንት ሰዓት ላይ ግራጫዋን ጅግጅጋ አስገባ። ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ እንደ ልማዱ ሰማንያ ፐርሰንት ሲደርስ ነቀለው። የጋራዡ በር ላይ ፊቷ የተቀየረ ሌላ ነጭ መኪና ለመውጣት ቆማለች። መሪውን የያዘችው ኢዲል ናት።

«ሐጂ ዐቦኮር ሐረር አድርሺያት አለኝ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የምወጣው ዛሬ ነው፣ አይደል?»

«ዛሬ ነው።»

«እናቴስ?»

«በሳምንቱ እናመጣልሻለን።»

ፈገግ አለች። በስምንት ወር ውስጥ ጥርሷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለካ እንዲህም ትስቃለች ብሎ ተደሰተ። ደረጄ በአራት ሰዓት ውስጥ ይህን ሁሉ ማመቻቸቱ ግን ትንሽ ከነከነው።

ነጯ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች።

ከዚያ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። የኢዲል ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ነጯ የነበረችበት ቻርጀር ስክሪኑ እንደበራ ነው።

መቶ ፐርሰንት።

መኪናዋ በቆመችበት ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥበት አለ። ተንበርክኮ ነካው። ቅባት ቅባት ይላል። የፍሬን ዘይት ነው።

«ወሪያ፣ ስማ ዘነበ» አለ ከኋላው ዐቦኮር። «ግራጫዋን አውጣ። እኔና አንተ እንከተላታለን።»

ዘነበ መዳፉን በጨርቅ ጠረገ። 

ባለፈው ሳምንት ለዐቦኮር ያስተማረው ራሱ ነው። ሻይ እየጠጡ፣ አዋቂ ነኝ ብሎ፣ ማንም ሳያስገድደው። የእነዚህ መኪኖች ሞተር እግርዎን ሲያነሱ ራሱ ፍሬን ይሆናል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል አለው። ስክሪኑ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፤ ዝቅተኛው ይለቃታል፣ መካከለኛው ያለዝባታል፣ ከፍተኛው ጭምቅ አድርጎ ይይዛታል። ከዚያ ጨመረለት። «ካራማራን የሚወርድ ሰው ግን ከሰማንያ በላይ አይሞላም ሐጂ። ባትሪው ከሞላ የሚመለሰውን ኃይል ማስቀመጫ የለውም። ከፍተኛውን ቢመርጡም አትያዝም።»

ዐቦኮር በደንብ ሰምቶታል። የፍሬኑን ብሎን ትንሽ አላልቷል፤ በተረገጠ ቁጥር ዘይቱ ይንጠባጠባል። ተራራው ጫፍ ላይ ያልቃል። ባትሪው ደግሞ ጢም ብሏል። የእጅ ፍሬኗም ሽቦ ሳይቆረጥ አይቀርም።

ዘነበ ነዳ፣ ዐቦኮር ከጎኑ ተቀመጠ። ሽጉጡ ጭኑ ላይ ነበር፣ ኮቱን ጣል አድርጎበታል።

«እሷ ትወድቃለች» አለ ዳገቱን ሲጀምሩ። «አደጋ ነው ይባላል። እኛ እናልፋለን። አንተን አልነካህም፣ አጎትህ አደራ ብሎኛል።»

አጎትህ።

 ደረጄ ሁለቱንም ሸጧቸዋል። ኢዲልን ለሞት፣ እሱን ለዝምታ። ዝም ካለ ይኖራል፣ ምናልባትም ይሾማል።

ኬላው ላይ ደረጄ ራሱ ቆሞ ነበር። የሽቶ ካርቶኑ የለም። ለጠባቂዎቹ መታወቂያውን ያሳያል፣ በሌላ እጁ ግራጫዋን እለፉ ይላል። ዘነበን ዓይን ለዓይን አየውና ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ጥሩ ወዳጅ።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ከሁለት መታጠፊያ በታች ነጯ ትታያለች። የኋላ መብራቷ ቦግ እልም ይላል። ፍሬኑን ደጋግማ እየረገጠች ነው።

አይይዝም።

ዘነበ ስክሪኑን ነካ። ዝቅተኛ። ግራጫዋ ተለቀቀች፤ የፍጥነቱ ቁጥር ይሮጥ ጀመር። ስልሳ። ሰማንያ። ዘጠና አምስት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ዐቦኮር።

«ልደርስባት።»

ሽጉጡ ከኮቱ ሥር ወጣ። «ተዋት አልኩህ።»

«ተኩስ» አለ ዘነበ። አንቱታውን ረስቶታል። «መሪውን ስለቅ ያ ገደል አለ። ከፊታችን ያለውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

ዐቦኮር ፓራውልቱ ወዳለበት አየ። ከዚያ ወደ ገደሉ። የሽጉጡ አፍ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከንፈሩ ዱዓ ያነበንባል።

ከታች የጫት አይሱዙ እየበረረ ይወጣል። ክላክሱን አልለቀቀም። ዘነበ መሪውን ወደ ግራ ሰብሮ ከነጯ ጎን ገባ። ኢዲል ዞር ብላ አየችው። ከጎኑ ዐቦኮርን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ሊጨርሷት የመጡ መሰላት።

መሪዋን ወደ ድንጋዩ ጠመዘዘች።

የጎኗ ቆርቆሮ ከኮረብታው ጋር ተፋተገ። አይሱዙው ሃምሳ ሜትር ቀረው። ዘነበ የፍጥነት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ አለፋትና ከፊቷ ገባ። አይሱዙው የጎን መስታወቱን አጋጭቶ ሄደ።

እጁን በመስኮት አወጣ። መዳፉን ዘርግቶ ወደ ራሱ ጠራት። ነይ። ተደገፊኝ።

አልመጣችም። በውስጥ መስታወቱ ፊቷን ያያል፤ ዓይኖቿ እጁ ላይ ናቸው። አንድ መታጠፊያ አለፈ። የሚቀጥለው አጥር የለውም።

ነይ፣ በእናትሽ።

ነጯ ከድንጋዩ ተላቀቀች። አዲሱ ፓራውልቷ ከኋላው መጥቶ ተለጠፈ። አንገቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዘነበ ስክሪኑን ነካ።

ከፍተኛ።

ሞተሩ ጮኸ። የሁለት መኪና ክብደት ባትሪው ውስጥ ይፈስ ጀመር። ፍሬኑን ጨመረበት፣ ቀስ እያለ፣ ተንሸራታ እንዳታመልጠው። ሰማንያ። ስልሳ። የጎማ ሽታ። አርባ። መታጠፊያውን ተጣብቀው ዞሩ። ነጯ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን ሸሸችና የጠጠር ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። ግራጫዋም ቆመች።

ዐቦኮር በሩን ከፍቶ ሮጠ። ሩቅ አልሄደም። የአይሱዙው ሹፌር መስታወቴን ሰበራችሁ ብሎ ዞሮ እየመጣ ነበር፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው ሲያይ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ከኋላ ጠልፎ ጣለው።

ዘነበ መፍቻ ይዞ ወረደ። ሚኒባሶች ቆመዋል፣ ሰው ተሰብስቧል። እሱም የፈለገው ይህንን ነው። የኬላው ጠባቂዎች ሲደርሱ የግራጫዋን ፓራውልት በሠላሳ ሰው ፊት ነቅሎ ጨረሰ። የተደረደሩትን ሳጥኖች ያዩ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ደረጄ ከጠባቂዎቹ ኋላ ቆሟል።

«ይህችን መኪና አትፈትሹ ያላችሁ ማን ነው?» አለ ዘነበ።

የጠባቂዎቹ አለቃ ቀስ ብሎ ወደ ደረጄ ዞረ። ደረጄ መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ። ሠላሳ ሰው ያየውን ነገር የሚሸፍን ትእዛዝ አልነበረውም።

ዕቃው ተያዘ። ዘነበ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጅግጅጋ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ኢዲልም አትችልም።

በሦስተኛው ቀን ኢዲል የተኛችበት የሐረር ሆስፒታል ገባ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። እናቷ ከቤት ንቅንቅ አልልም ብላለች፤ ኢዲል ደግሞ ልትመለስ አትችልም። ይህንን ከእሱ በፊት ሰምታለች።

«ዐቦኮር ስሜን ከየት አገኘው?» አለች።

መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶለታል፤ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው በል ተብሏል። በሩ ላይ አዲስ መታወቂያ በፖስታ የያዘ ሰው ይጠብቀዋል።

«ከእኔ» አለ። «እኔ ነኝ የተናገርኩት። ላወጣሽ ብዬ።»

ኢዲል አላለቀሰችም። 

«ያንተ ስም ማን ነው?» አለች። «እውነተኛው። የእኔን ሰጥተሃቸዋል። ያንተን ስጠኝ።»

ስሙ ምላሱ ላይ መጣ። ሊነግራት ፈለገ፤ በሕይወቱ እንዲህ የፈለገው ነገር የለም። በሩ ላይ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘነበ» አላት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ውጣ።»

ወጣ። መናኸሪያው ውስጥ ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ስሙን ጠየቀው። አዲሱን ስም ሳይደናቀፍ ተናገረ። ትኬት ቆራጩ ጻፈለት።