የሐረግወይን መርዶ

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አሉ ኦቦ ጆቴ፣ ከደጃፉ ቆመው ባርኔጣቸውን እያወለቁ።

ጋሽ ገብረመስቀል የያዙትን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ መለሱት። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ሐረግወይን።»

«የትኛዋ? የመቶ አለቃው ባለቤት? ትናንት እኮ በዚህ ስታልፍ ሰላም ብላኛለች!»

«ወንዝ የወሰዳት ናት።»

«ወንዝ! አንተ ጨመዳ፣ ሰምተሃል? የመቶ አለቃውን ሚስት ወንዝ ወሰዳት ይላሉ!»

ልብስ ሰፊው ጨመዳ በረንዳው ላይ ካለው የስፌት መኪናው ቀና አለ። መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። «ጋሽ ገብሬ፣ የመቶ አለቃውን ሚስት ይተዋት፣ በደህና ትኑር። ኦቦ ጆቴ የሚሉት የመጽሐፉን ሐረግወይን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሞተችውን።»

ድርቤ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጀርባ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። እጇ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ላይ እንደነበረ ቀረ። ባትተነፍስ ደስ ባላት ነበር።

ኦቦ ጆቴ ግን አዩዋት። ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡና በኮባ ቅጠል የተሸፈነች ትንሽ ሰፌድ ዘረጉላት። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም በኦሮምኛ «ይህን የላከችልሽ ባለቤቴ ናት። በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ነው። ‹እኛ የሰማነው በጆሮ ነው፤ ያቺ ልጅ ግን ውሃው ሲወስዳት ከፊደሉ ላይ አይታለች፤ ከሁላችን ይልቅ ሐዘኑ የእሷ ነው። እህልም አልቀመሰች ይሆናል› አለችኝ» አሏት።

ድርቤ ሰፌዷን በሁለት እጇ ተቀበለች። ምን እንደሚባል አላወቀችም። ሐዘንተኛ ምግብ ሲመጣለት ምን ይላል? አንገቷን ደፋች። ኦቦ ጆቴም አንገቷን መድፋቷን እንደ ሐዘን ቆጠሩላት።

የጋሽ ገብረመስቀል ቤት በነቀምት ከሌሎቹ ቡና ቤቶች ሁሉ ይለያል። ጋሽ ገብረመስቀል ከጉራጌ አገር መጥተው መጀመሪያ ጨውና ጋዝ ይሸጡ ነበር። በኋላ ግማሹን ቤት ቡና አደረጉት፤ በሌላው ግማሽ ከንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ሥር መደርደሪያ አቆሙና የትምህርት መጻሕፍት፣ የጸሎት መጻሕፍትና ልብ ወለድ ደረደሩበት። ለገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ስኳር ወይስ ጨው?» ይሉታል። ከመሥሪያ ቤት የመጣው ስኳር ይላል። ከገጠር የመጣው ጨው ይላል። ስኒ የያዘ ሰው መጽሐፍ አይነካም፤ መጽሐፍም ከደጃፉ የሚወጣው ሲሸጥ ብቻ ነው። የቤቱ ደንብ ይህ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ደግሞ ንባብ አለ። ፊደል ያልቆጠሩት፣ ቆጥረውም አማርኛው የሚከብዳቸው፣ በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ መካከል ላይ ካለው ወንበር ሆኖ ገጹን በአማርኛ ያነብና በኦሮምኛ ይተርክላቸዋል። በዚህ ዓመት አንባቢዋ የስምንተኛ ክፍሏ ድርቤ ነበረች። ለድካሟ ከመደርደሪያው የፈለገችውን እያወረደች እዚያው ታነባለች። ከሁሉ በላይ የምትወደው ግን ይህን አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች፣ ጺማቸው የሸበተ ሁሉ፣ «በርሲስቱ» ሲሏት ነው፤ መምህርት ማለት ነው። በትምህርት ቤት እጇን ለማውጣት የምታፍረው ድርቤ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ድምፅ ነበራት።

ባለፈው ቅዳሜ የሐረግወይን ታሪክ ከወንዙ ደርሶ ነበር። ሐረግወይን ያለ ፈቃዷ ከተዳረችበት ቤት አምልጣ ሌሊቱን ስትሄድ አድራለች፤ ፊቷ የሞላ ወንዝ፣ ኋላዋ የሚፈልጓት ሰዎች። አግዳሚው ላይ ቡናው ቀዝቅዟል። በዚህ መሐል የድርቤ ጓደኛ ወይንሸት በመስኮቱ ብቅ አለች። በጣቷ መስታወቱን መታ መታ አድርጋ በከንፈሯ ብቻ «ፊልሙ!» አለች። የፊልም መኪናው ሜዳው ላይ ደርሷል ማለቷ ነበር።

ድርቤ ገጹን ገለጠች። ወንዙ ገና ብዙ ገጽ ነበረው። እንደገና ወይንሸትን አየቻት። ከዚያም ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል በኦሮምኛ «ወንዙ ሞልቶ ነበር። ገባችበት። መካከሉ ላይ ስትደርስ ውሃው እግሯን አነሣትና ወሰዳት። ዱቴ» አለች። ሞተች።

መጽሐፉን ዘጋችው።

አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ኦቦ ጆቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አደረጉ። ድርቤን አሁን እንቅልፍ የሚነሳት ወደ ፊልሙ መሮጧ ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ፣ በአንድ ቃል ያን ሁሉ ሰው ማስለቀሷ ደስ ብሏት ነበር።

ፊልሙ ስለ ወባ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረ ነጭ ጨርቅ ላይ በሬ የምታህል ትንኝ ታየች፤ ሴቶች ጮኹ፤ ድርቤና ወይንሸት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ዛሬ ሰፌዷን ይዛ በጓሮ በር ስትወጣ ወይንሸት እዚያው እየጠበቀቻት ነበር። ወይንሸት አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከሸዋ የመጡ ናቸው። ኦሮምኛዋ ለገበያ ያህል ነው፤ አፏ ግን ለሁሉም ይበቃል።

«ምንድን ነው? ጭኮ! አንቺ ደግ ሰው» አለችና ኮባውን ገልጣ ከጠርዙ ቆረሰች። «እንዴት ይጣፍጣል!»

«የለቅሶ ነው።»

ወይንሸት ማኘኳን አቆመች። «የማን ለቅሶ?»

ድርቤ ነገረቻት። ወይንሸት የጎረሰችውን እንደምንም ዋጠች፤ ከዚያ ግን መሳቅ ጀመረች። «ውይ፣ ጉድ እኮ ነሽ! ለመጽሐፍ ሰው ለቅሶ?»

«አትሳቂ።»

«እሺ፣ አልስቅም። ግን ስሚኝ። መጽሐፉ ራሱ ፈጠራ ነው፤ አይደል? ሐረግወይን የምትባል ሰው የለችም። በሌለች ሰው ላይ ብትዋሺ ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ኦቦ ጆቴ ግን አለች ብለው አምነዋል።»

«ይረሱታል። ሌላ ጀምሪላቸው፤ የሚያስቅ። አሁን ተናግረሽ ከወንበሩ ብትነሺ ማን ይጠቀማል? ይልቅ ያ የክፍላችን ልጅ ነመራ ዘሎ ይቀመጥበታል፤ እሱ ደግሞ ሲያነብ እንደ ፍየል ነው።»

ድርቤ ኮባውን መልሳ ሸፈነችው። ወይንሸት የቆረሰችበት ቦታ ከኮባው ሥር ሆኖም የሚታያት መሰላት።

ስትመለስ አግዳሚው ሞልቷል። ጋሽ ገብረመስቀል ወንበሯን በጨርቅ ወልውለው አዲስ መጽሐፍ አስቀምጠውላታል።

«በርሲስቱ» አለ ጨመዳ፣ የስፌት መኪናውን ትቶ ገብቶ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብሪብን ነው?»

ሰው ሳቀ። ኦቦ ጆቴ አልሳቁም። እጃቸውን አነሡ፤ እንደ ተማሪ።

«አዲሱን ሳትጀምሪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእኔ አይደለም፤ ለዓባይነሽ ነው» አሉ። ዓባይነሽ ሰፌዷን የላኩት ባለቤታቸው ናቸው። «ከክረምቱ ወዲህ ዳሌዋን ተሰብራ ተኝታለች። ቅዳሜ ዲጋ ቤቴ ስደርስ ገና በቅሎዋን ሳላስር ‹ሐረግወይን የት ደረሰች?› ትለኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ጭኮውን እንኳ አስለውሳ ስትልክልሽ ዞራ አላየችኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ‹ሬሳዋ ተገኘ ወይ? ማን ቀበራት? አባቷስ መጣ ወይ? ጠይቅልኝ› አለችኝ።»

ሁሉም ድርቤን አዩ።

መልሱ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ወንዙ ከታች አሸዋ ላይ አውጥቷታል፤ እረኞች አይተዋታል፤ አባቷ በበቅሎ ደርሶ ከትልቅ የኦዳ ዛፍ ሥር አስቀብሯታል። ቃላቱ ሳትጠራቸው ነው የተሰለፉት። ማማራቸው ነው ያስፈራት።

አዲሱን መጽሐፍ ወደ ጎን አድርጋ ከመደርደሪያው ሰማያዊውን አወረደች። ያቆመችበትን ገጽ ስታገኝ ጣቶቿ ወረቀቱ ላይ ላብ ተዉ።

«ህንዱኔ» አለች።

ድምፅዋ ስላልወጣ ደገመችው። «አልሞተችም።»

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለ ጨመዳ።

ጋሽ ገብረመስቀል ከምድጃው ፈጥነው መጡ። ፊቷን አዩ፤ ከዚያ መጽሐፉን አዩ። «ገጹ ተጣብቆ ነው፣ አይደል?» አሉ በአማርኛ፣ ለስለስ ብለው። «የነቀምት እርጥበት እኮ ነው። ባለፈው ክረምት ስንቱን መጽሐፍ አጣብቆብኛል። ሁለቱን ገጽ አንድ አድርገሽ ገልጠሽ ነው። ልጅ ናት፤ ትሳሳታለች።»

የማምለጫውን በር የከፈቱላት ሳያውቁት አልነበረም። ራሷን ነቅነቅ ብታደርግ ይበቃ ነበር።

«አልተጣበቀም፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ኦቦ ጆቴ እንዲሰሟት በኦሮምኛ ቀጠለች። «ዘልዬው ነው። ፊልም ሊያመልጠኝ ስለነበር ቶሎ ልጨርስ ብዬ እኔ ነኝ የገደልኳት። መጽሐፉ ላይ አልሞተችም። ቀሪውን እኔም አላነበብኩትም።»

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ሲንፈቀፈቅ ይሰማል።

«የምን ፊልም?» አሉ ኦቦ ጆቴ።

«ስለ ትንኝ።»

«ስለ ትንኝ» አሉ ቀስ ብለው። ጨመዳ ሳቅ ጀምሮ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ዋጠው። «እኔ መርዶ ይዤ ሦስት ወንዝ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ግን አምኜሽ ነገርኳት። ያልሞተን ሰው ሞተ ማለት በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው ይህን ያደረግሽው?»

አንገቷን ደፋች፤ ቅድም ሰፌዷን ስትቀበል እንደደፋችው። ልዩነቱ አሁን ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ኦቦ ጆቴ እጃቸውን ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ የገባት ቆይቶ ነው። ሰፌዷን ሰጠቻቸው። ኮባውን ገለጡ፤ የተቆረሰውን አዩት፤ መልሰው ሸፈኑት። ወይንሸት መስኮቱ ላይ ነበረች፤ ወዲያው ጠፋች።

«ላንብብላችሁ?» አለች ድርቤ። «ከወንዙ ጀምሬ፤ አሁን። ዛሬ ሄደው ይነግሯቸዋል።»

«አይሆንም» አሉ ኦቦ ጆቴ ባርኔጣቸውን እያደረጉ። «መርዶውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁት ግን ከአንቺ ነው። ዛሬ ሄጄ አልሞተችም ብላት ላስታምማት የቀባጠርኩ ይመስላታል። አታምነኝም። ነገ ዲጋ መጥተሽ፣ አንቺው ያየሽውን አንቺው አንብቢላት።»

ኦቦ ጆቴ ከወጡ በኋላ ጋሽ ገብረመስቀል ቆም ብለው ጨርቁን በእጃቸው አጠፉት፣ ዘረጉት። ሰው እየሰማ መናገር እንዳልወደዱ ያስታውቃል። «ከዛሬ ጀምሮ ነመራ ያነባል» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

ከወንበሩ ተነሣች። አግዳሚው ላይ ጨመዳ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ እሷ ግን እንደቆመች ቀረች። ጋሽ ገብረመስቀል ሰማያዊውን መጽሐፍ አንሥተው ወደ መደርደሪያው የሚመልሱት መሰላት። እሳቸው ግን ከባንኮኒው ሥር አሮጌ ጋዜጣ አወጡ፤ መጽሐፉን ጠቀለሉት፤ በሲባጎ አሠሩት።

«መጽሐፍ ከዚህ ቤት ሳይሸጥ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። «ሰኞ ይመለስልኝ። ቅቤ እንዳይነካው።»

ማታ ለእናቷ ስትነግር የትንኟን ነገር ለመዝለል አሰበች። አልዘለለችውም። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰምታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጫማሽን ጥረጊ። በጭቃ ጫማ የሰው ቤት አይገባም።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ድርቤ የተሳፈረችበት፣ በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ የሚሄደው የጭነት መኪና ሊነሣ ሲል ወይንሸት እያለከለከች ደረሰች። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ በእጇ የስኳር ጥቅል ይዛለች።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች ወደ ላይ እየተንጠላጠለች። «ጭኮውን የቆረስኩት እኔ አይደለሁ?»

ዲጋ ሲደርሱ ኦቦ ጆቴ መንገድ ዳር ቆመው አገኟቸው። ሰላምታ ሰጥተው ከፊት ከፊት መሩ። ቤቱ ውስጥ ጨለም ይላል። ወይዘሮ ዓባይነሽ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተኝተዋል። ኮቴ ቢሰሙም አልዞሩም።

ድርቤ በርጩማውን ወደ መደቡ አስጠግታ ተቀመጠች። ስሟን ተናገረች፤ ያደረገችውንም ተናገረች። ከዚያ ሲባጎውን ፈታ ከወንዙ ዳር ጀምራ አነበበች።