ሦስተኛው ዲስኬት

የብርድ ልብስ ፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ ገብረ ጻድቅ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ፋብሪካው በሠራው ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው አጠገብ ከሰሉ አመድ የሆነበት የብረት ምድጃ፣ በምድጃው ጥግ ደግሞ ሙቀት ያጣመማቸው ሁለት ዲስኬቶች ነበሩ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ስክሪኑ ግን እንደበራ ነው፤ «ሦስተኛውን ዲስኬት አስገባ» ይላል።

ከደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ የተጠራችው መቶ አለቃ በሰለች ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። በሩ ላይ «በጫማ መግባት ክልክል ነው» የሚል የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ የደረቀውን ክንድ በግድ አላቀቀች። ከሹራቡ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ዲስኬት አገኘች። በመሐረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ኦፕሬተሯ እናናየሁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ረሺድና የፋብሪካው ካድሬ ገብረአብ።

ገብረአብ ቢሮው ውስጥ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እጁን እፍ እፍ እያለ ጠበቃት። በሰለች ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ያለውን የተቃጠለ ክብ ምልክት አየች።

«ሪፖርቱ አልቋል፤ ይፈርሙ» አላት።

«እኔ ሳልመረምር?»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ዲስኬት ላሙቅ ብላ ከሰል ያስገባችው እናናየሁ ናት። አሻጥር ነው። እንግዶች ዛሬ ኮምፒውተሩን ሊያዩ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

«ኮምፒውተሩ ሥራ ጀምሯል እንዴ?»

«ተጭኖ አልቋል ብዬ ለበላይ አስታውቄአለሁ።»

«እርስዎ ክፍሉ ገብተው ያውቃሉ?»

«ጫማ አውልቁ የሚባልበት ክፍል? አብዮተኛ ለማሽን ጫማውን አያወልቅም!»

እናናየሁ ጥበቃ ቤት ተይዛ ነበር። በሰለች ስትገባ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ለማስፈረም ከሆነ የመጡት፣ ጣቴን ቢቆርጡት አልፈርምም።»

«የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው። ሥራችሁ ምን ነበር?»

«ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም ራሱ ገና አላለቀም፤ ሞክሩት ተብሎ ነው የተላከልን። የፋብሪካውን ሥራ የሚይዘውን፣ በሦስት ዲስኬት የመጣውን ፕሮግራም በላዩ ስንጭን ሁለቱን ዲስኬት ይቀበልና ሦስተኛው ላይ ይቆማል። የደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል ብለን እያሞቅን ሞከርን።»

«በከሰል?»

«አመዱ ማሽኑን አይገድለውም? ረሺድ አንድ ቀን ሲጋራ ይዞ ብቅ ቢል ገብረ ጻድቅ ጫማ ነው የወረወረበት!»

«ገብረ ጻድቅ ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ትናንት ከጓድ ገብረአብ ጋር። ‹እንግዶቹ ሲመጡ አልተጫነም እላቸዋለሁ፤ እኔ አልዋሽም› አለው።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ በሰለች ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። መስኮቱን ከፍታ፣ ከጥበቃ ቤት የመጣ ፍም ያለበት ምድጃ በር ላይ አስቀምጣለች። ለገብረአብ ባዶ ዲስኬት ሰጠችው።

«ማሽኑ ሊቀበለው ነው እንበል። እነሱ እንደሚያሞቁት ያሙቁልኝ።»

ገብረአብ እየሣቀ ወደ ምድጃው ሄዶ ዲስኬቱን ከፍሙ በላይ ዘረጋው።

«ኧረ ያቃጥሉታል!» ብላ እናናየሁ ጮኸች።

«ረሺድ፣ አንተስ?»

ረሺድ ከእጁ ነጥቆ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። «ወላሂ፣ ክረምቱን ሙሉ እንደ ዶሮ ስንታቀፈው ነው የከረምነው!»

ገብረአብ ፊቱ ጠቆረ። «ይህን ባለማወቄ ነው ወንጀለኛ የምሆነው?»

«ምድጃው ሥር የተገኙት ሁለቱ ዲስኬቶች ማሽኑ አስቀድሞ የተቀበላቸው ናቸው» አለች በሰለች። «ማንም እንደገና አያሞቃቸውም። ማሽኑ የሚጠብቀው ሦስተኛው ሟቹ ብብት ውስጥ ነበር። እያሞቀው እንቅልፍ ወሰደው ማለት ነው። በተዘጋው ክፍል በጭሱ የገደለው ከሰል የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያስገባውም ዲስኬት እንደሚሞቅ በወሬ የሰማ፣ ሲሞቅ ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሦስታችሁ እንዲህ ያለው አንድ ነው። ምድጃውንም ቢሮዎ ወስጄ ለካሁት፤ ወለሉ ላይ ካለው የተቃጠለ ክብ ላይ ልክ ተቀመጠ። ለዚያ ነው ዛሬ ሲበርድዎት የዋለው።»

«ተይ!» አለ ገብረአብ። «ፈርሚ፤ አለዚያ አንቺም በዚያው መኪና ትሄጃለሽ!»

«እሄዳለሁ፤ የጻፍኩትን ይዤ። እጅዎን ያምጡ።»

ካቴናው ቀጭ ሲል የእንግዶቹ መኪና ግቢ ገባ። ከፊት ያሉት ሰውዬ ክፍሉን ቃኝተው፣ «ምንድን ነው ይሄ? ተጭኗል አልተባለም?» ሲሉ አፈጠጡ።

በሰለች መሐረቧን ፈታ ዲስኬቱን ለእናናየሁ አቀበለቻት። እናናየሁ ብብቷ ውስጥ አድርጋ ቆየች፤ ሰውዬው ሰዓታቸውን ቢያዩም አልቸኮለችም። ከዚያ አስገባችው። ማሽኑ ፍርር አለና ቆመ። «ሦስተኛውን ዲስኬት አስገባ» አለ።

«አልተጫነም» አለች።

«ማን ነው አልተጫነም የሚለው?»

«ገብረ ጻድቅ ነበር» አለች ዓይናቸውን እያየች። «አሁን እኔ ነኝ። ጫማዎን ያውልቁ።»