የሳሳፍራስ ሥር በሌክውድ

ስለ መናፍስት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሴት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ነበር፣ አሁንም አምናለሁ ለማለት አልደፍርም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

የምኖረው አሜሪካ አውሮራ ከተማ ነው፣ ሥራዬ ግን እዚያው አካባቢ ሌክውድ የምትባል ከተማ ነበር፣ ሚስ ኦፓል የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት አሜሪካዊት እንከባከብ ነበር፣ በእግራቸው ከቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ጃኔት ጠዋት ስትወጣ እገባለሁ፣ ማታ ስትመለስ እወጣለሁ፣ ሌላ ሰው በቤቱ የለም።

ሚስ ኦፓል ያደጉት አርካንሳስ ገጠር ነው፣ ወሬያቸው ሁሉ ሳሳፍራስ ስለሚባል ዛፍ ነበር። አንዱ ዛፍ ላይ ሦስት ዓይነት ቅጠል ይበቅላል ይሉኛል፣ የሥሩ ቅርፊት ሲፈላ ውሃው ይቀላል፣ ሽታው ልጆች የሚወዱትን ሩት ቢር የሚባል ለስላሳ መጠጥ ነው፣ ብርዱ ሲያልፍ ደም ያጠራል ብለው ቤተሰቡ በሙሉ ይጠጡት ነበር። ሥሩን የሚቆፍረው ታላቅ ወንድማቸው ክላይድ ነበር፣ ወንዝ ከወሰደው ሰባ ዓመት ሆኖታል።

“አንድ ሲኒ ብቻ አፍዪልኝ” ይሉኛል። ጃኔት ግን “ለጉበቷ መርዝ ነው” ብላ ቤት የነበረውን ቅርፊት ጠራርጋ ጥላለች፣ ብሰጣቸው ከሥራ እንደምታስወጣኝም ነግራኛለች።

ጥር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤዝመንት ወርጄ ልብስ ላውንደሪ ሳደርግ፣ ከላይ የኪችን ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። ጃኔት በጊዜ የመጣች መሰለኝ። ከዚያ ስቶቩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ተለኮሰ፣ ከዚያ ኮቴ፣ ዝግ ያለ፣ ከባድ የወንድ ኮቴ። “ሄሎ?” አልኩ። ደረጃውን ስወጣ ያ ሽታ ተቀበለኝ።

ድስት ይንተከተካል፣ ውሃው ቀይ ነው፣ አጠገቡ አፈር ያልለቀቀው ሥር ተቀምጧል። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው፣ ውጭ በረዶው ላይ አንድ ዱካ የለም፣ መሬቱ በብርድ ድንጋይ ሆኗል፣ የሥሩን አፈር ስነካው ግን፣ እመኑኝ፣ ይሞቃል።

ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ሚስ ኦፓል ትራስ ተደግፈው ባዶ ሲኒ ይዘዋል።

“ማነው ያፈላልዎት?”

“ክላይድ ነዋ።”

“የት አለ ታዲያ?”

“ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ደክሞት ጋደም ብሏል” አሉና ጎናቸውን አሳዩኝ። ማንም የለም። ፍራሹ ግን በሰው ቁመት ሰርጎድ ብሏል።

ጃኔት መጥታ ድስቱን ስታይ አንድ ቃል አልሰማችኝም፣ እዚያው አባረረችኝ። ሚስ ኦፓል በሦስተኛው ቀን አረፉ፣ ገድዬአቸው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፣ እኔ ሳላፈላው!

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ጃኔት ደወለች፣ ድምጿ ተለውጧል።

“እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ነሽ ያፈላሽው?”

“በልጆቼ እምላለሁ፣ አይደለሁም።”

“ዛሬም ፈልቷል፣ ሦስት ሲኒ ተቀድቷል፣ ሁለቱ ተጠጥተዋል፣ ሦስተኛው ሙሉ ነው።”

“እንዳትጠጪው!” ብዬ ጮህኩ፣ “አሁኑኑ ከቤት ውጪ!”

ቀስ ብላ፣

“ሽታው ግን ደስ ይላል” አለችኝ።