ዐሥረኛው አሜን

እውነት ነው። ማል ካላችሁኝ እምላለሁ። ምስክር ጥራ ካላችሁኝ ግን ምስክሮቼ ሁሉ ሞተዋል... የአንዱን እርግጠኛ አይደለሁም።

በጀርመን ጦርነት ጊዜ ነው፤ ቤላሩስ ጫካ ውስጥ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ከታጠረው የአይሁድ ሰፈር ያመለጥን ዘጠኝ ወንዶች ጉድጓድ ቆፍረን ተደብቀናል።

ወንድሜን ሊፓን አንድ ሰው ለጀርመኖች ጠቁሞ አስገድሎታል። ቃዲሽ፣ የሙታኑን ጸሎት፣ ላደርስለት ፈልጌ ነበር።

ለቃዲሽ ግን ዐሥር አይሁዳዊ ወንድ ያስፈልጋል።

ያን ቀን ጌትዝል የሚባል እንደኛው አይሁዳዊ ስደተኛ ከበረዶው ውስጥ ብቅ አለ።

"ዳቦ ብንለምን በላተኛ ላከልን!" አለ ሽማግሌው ሬብ ዘንቪል። "ይሁን፣ ዐሥር ሞላን!"

ሁሉም ሳቁ።

እኔ ጫማውን እያየሁ ነበር... የግራው በቀይ ክር ተሰፍቷል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለሊፓ።

"ጫማው ከየት ነው?"

"ከሞተ ሰው።" ዓይኑን ሰበረ። "እግሬን ብርዱ ሊቆርጠው ነበር፣ ወንድሜ።"

ሬብ ዘንቪልን ወደ ጥግ ሳብኩት።

"ጠቋሚው እሱ ነው።"

"አይተሃል?"

"ጫማውን አየሁ።"

"ጫማ አይመሰክርም፣ ልጄ።"

"ነገ ጀርመኖቹን ይዞብን ቢመጣስ?"

ሌሎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ...

"እንግዲያው ጸሎቱ ይቅደም።"

እኛ አይሁድ ሰው በቁጥር አንጠራም፤ ሞት እንዳይሰማን። "አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም" እያልን ነው የምንቆጥረው። ጌትዝል "ዐሥር አይደለም" ተባለ። ለሊፓ ነፍስ ከሁላችንም አብልጦ ጮክ ብሎ "አሜን" አለ።

ከጸሎቱ በኋላ ወደ ረግረጉ ወሰድኩት። ጫማውን አስወለቅሁት።

"ሊሞት ሲል ራሱ ነው የሰጠኝ" አለ።

አላመንኩትም።

ብቻዬን ተመለስኩ፤ ጫማውን አድርጌ።

በማግስቱ ምሽት ሬብ ዘንቪል እንደ ልማዱ መቁጠር ጀመረ።

"...ስምንት አይደለም። ዘጠኝ አይደለም..."

ጣቱ ከትከሻዬ ጀርባ ወዳለው ጨለማ ተዘረጋ።

"ዐሥር አይደለም።"

"ዘጠኝ እኮ ነን" አልኩት በሹክሹክታ።

"ዝም በልና ጸልይ!"

ጸለይኩ።

"አሜን" አለ አንድ ሰው... ከጆሮዬ ሥር። ረግረግ ረግረግ ይሸታል።

ዞር አላልኩም።

ሲነጋ በረዶው ላይ የባዶ እግር ዱካ አየን። ወደ ጉድጓዳችን የገባ ነው። የወጣ የለም።

የማን ነው? ወንድሜም ጌትዝልም ያለ ጫማ ነው የቀሩት...

እርጥቡ ዱካ ውስጥ ድረስ ዘልቆ፣ ማታ አውልቄ ያስቀመጥኩት ጫማ አጠገብ ያበቃል።

እጄን ጫማው ውስጥ ከተትኩ።

ገና ይሞቅ ነበር።