በሽቶ ክፍሉ የተገኘው ጥቅል

ጥቅሉ የተገኘው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ በወይዘሮ ዙለይካ ቤት የጓሮ ክፍል፣ በሽቶ ካርቶኖች መካከል ነበር። ኢንስፔክተር ሳፊያ ስትደርስ አንዲት ወጣት ሠራተኛ በሩ ሥር ተንበርክካ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ልጇ ሞታባት እንኳ ድምፅዋ እንዳይሰማ የምትፈራ እናት ሳፊያ አይታ አታውቅም።

ሳፊያ ድሬዳዋ ያደገች የጅቡቲ ፖሊስ ናት። ሐበሾችን የሚመለከት ጉዳይ ሲመጣ የሚልኩት እሷን ነው። አስከሬኑን ወደ ሐኪም ከላከች በኋላ መጀመሪያ ያነጋገረችው የቤቱን እመቤት ነበር። ዙለይካ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሽቶ ንግድ ስም ያወጣች፣ የተከበረች ሴት ናት። ሰሞኑን ሴት ልጇን ሊያጩ የሚመጡ እንግዶች ቤቷን ሞልተውት ከርመዋል።

በቤቷ ሕፃን መኖሩን እንደማታውቅ ተናገረች። ሠራተኛዋ ፀዳል «አሞኛል» ብላ ባልባላ ሰፈር ዘመድ ዘንድ ሰንብታ መመለሷን እንጂ መውለዷን አልሰማችም። ዛሬ ጠዋት ምግብ አብሳይዋ ስትጮህ ሮጣ ገብታ፣ ከእግር እስከ ራሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አየች። ሳትነካው፣ ሳትገልጠው ፖሊስ ጠራች።

«እናትየዋ አንድ ነገር አድርጋ ይሆን?» አለች ሳፊያ።

«የለም፤ ፀዳልን በክፉ አላነሳትም። ንጹሕ አድርጋ ነበር የያዘቻት። ጉንጯ እንደዚያ ቀልቶ ማን ታማለች ይላል?»

ሳፊያ አመስግናት ወጣች።

ምግብ አብሳይዋ ትርሲት ፀዳልን በመደበቅ መተባበሯን አልካደችም። ጥርጣሬዋ ግን ጌቾ ላይ ነበር። ጌቾ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሞጆ ላይ ሚስትና ልጆች አሉት። ትናንት የዱቄት ወተት ይዞ መጥቶ ነበር። ሳፊያ ስትጠይቀው የፀዳል የአገር ልጅ መሆኑን፣ ወተቱንም አዝኖ አምጥቶ በር ላይ ሰጥቶ መመለሱን ነገራት። የወተቱን ቆርቆሮ ወስዳ ለሐኪሙ ላከችው።

«ሕፃኗ እንዴት ነበረች?» ብላ ትርሲትን ጠየቀቻት።

«ጥሩ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ትጮህ ነበር። ይሰማብናል ብለን እንሳቀቅ ነበር። በኋላ ዝም አለች። እኛም ተመስገን አልን።»

ፀዳልን ለማናገር ጊዜ ወሰደ። ልጇ ከቀኗ ቀድማ እንደተወለደች፣ ሰሞኑን ጡት ይዛ ወዲያው እንደምትተው፣ አፏም እንደሚቀዘቅዝ በዝግታ ተናገረች። ሐኪም ቤት ያልወሰደቻት አባቷ ማን ነው እንዳይሏት ፈርታ ነው።

«ይህ ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል?»

«ለሽቶው ነው» አለች ፀዳል፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማቀዝቀዣ እያመለከተች። «ክሊሙን እኔ አጥፍቼ እወጣለሁ፤ ስመለስ በርቶ አገኘዋለሁ። እትዬ ትርሲት ታበራዋለች ብዬ ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

«ደብቂልኝ ብዬ አስጨንቄያታለሁ። ደግሞ ይህን ለማለት ምን አፍ አለኝ?»

ሳፊያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ውጭ የሐምሌ ነፋስ እንደ ምድጃ እሳት ይጋረፋል፤ እሷ ግን ክንዷን ታሻሽ ነበር። የማቀዝቀዣው ማብሪያ ግድግዳው ላይ፣ ልጅቷ ከተኛችበት ካርቶን በላይ ነው። ሊነካው የሚፈልግ ሰው በካርቶኑ ላይ ማጎንበስ አለበት።

ሐኪሙ በማግስቱ ደወለ። ወተቱ ንጹሕ ነው፤ የመታፈን ምልክትም የለም። ጉንጯ፣ መዳፏና እግሯ ቀልተዋል፤ የጭኗ ቆዳ ግን እንደ ሻማ ጠጥሯል። «ሌላ አገር ብሆን ብርድ ነው እል ነበር» ብሎ አመነታ።

«ብርድ ነው» አለችው ሳፊያ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ ከተማ ብርድ ይገድላል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ስለዚህ ማንም አላሰበም» ብላ ጀመረች። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ገላውን ማሞቅ እንደማይችል፣ ሲበርደው መጀመሪያ እንደሚያለቅስ፣ ከዚያ ለልቅሶም ለመጥባትም አቅም እንደሚያጣ አስረዳቻቸው። ጉንጩ የሚቀላው ስለተሻለው ሳይሆን ስለቀዘቀዘ ነው። ትርሲት ተመስገን ያለችበት ዝምታ የሞት መቃረቢያ ነበር። ትርሲት ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ቀጥሎ ማን አበራው ወደሚለው መጣች። ጌቾ ከበር አልፎ አያውቅም። ትርሲት የምትሳቀቀው እመቤቷ እንዳትሰማ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ክሊም አብርታ የእመቤቷን ጆሮ ወደ ጓሮው አትስብም። የሚያበራው ሰው ደግሞ ሕፃኗን ሳያይ ማብሪያውን አይነካም።

«ወይዘሮ ዙለይካ፣ ጥቅሉን አልገለጥኩም ብለውኛል። ሴት መሆኗን ከእኔ አልሰሙም። ጉንጯ መቅላቱን መቼ አዩ?»

ዙለይካ የመለሰችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ፀዳል ይዛት በመጣች ማግሥት አየኋት። አወቅሁ ካልኩ ወይ ፀዳልን ላባርራት ነው፣ ወይ ልጅቷን በአማቾቼ ፊት ላሳድጋት ነው። ሁለቱም አሳፈረኝ። የክሊሙ ጩኸት ልቅሶዋን ይሸፍናል ብዬ አበራሁት። አንድ ቀን እግሯን ነካሁ፤ በረዶ ነበር። ጨርቅ ደርቤላት ወጣሁ። አላጠፋሁትም።»

ፀዳል ቀና ብላ አላየቻትም። ይልቅ የተደረበውን ጨርቅ አስታወሰች። ያን ቀን እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትርሲትን አመስግና ነበር።

ሳፊያ ለቀብሩ ፈቃድ የሚሆነውን ቃል መቀበል ነበረባት። የሕፃኗን ስም ስትጠይቅ ሰዎቹ ተያዩ። በዚያ ቤት ከእናቷ በቀር ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

«ውብነሽ» አለች ፀዳል።

«የአባት ስም?»

ፀዳል አቀረቀረች። ልጇን እንደደበቀች ሁሉ የልጇንም አባት ልትደብቅ ነበር። ጌቾ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና ተነሣ።

«ጌታቸው» አለ። «ውብነሽ ጌታቸው ትባል።»

ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እሱም መልሶ አልተቀመጠም።