ለእንግዳ የተቀመጠው ካርቶን

ሰኔ ፲፩ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ከአዋሽ ሸለቆ የተነሣው ነፋስ አዳማን በአቧራ ሸፍኗት ነበር፤ ባጃጆች ባዶ ወንበር ይዘው ይመላለሳሉ፤ ገበያው ጭር ብሏል፤ በአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ በተቋቋመው ለይቶ ማቆያ ግን ግቢው ይጠረጋል፤ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ በኖራ ይቀባል። ክቡራን እንግዶች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ነው።

ኑሰይባ አብዱልሃኪም፣ የአቦምሳ ባለሱቅ ልጅና የሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ፣ ይህን ሽር ጉድ በመስኮት እያየች ደሟ ይፈላ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ዲንቄ ኦሊቃ ከተቀበረች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው።

ኮሌጆች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ተሸኘ፤ ሁለቱ ግን የሰው እጅ ያስፈልጋል ሲባል ሰምተው በፈቃዳቸው ቀሩ። የማዕከሉ አስተባባሪ አቶ ገመቹ የተግባር ልምምድ መዝገባቸውን ሊፈርሙላቸው ቃል ገቡ፤ ያለዚያ ፊርማ መመረቅ የለም። በግንቦት መባቻ አንድ ትልቅ ካርቶን አዲስ ጋውንና ጭምብል መጣ። አቶ ገመቹ በገዛ እጃቸው ተሸክመው ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ የበላይ አካል ሲጎበኝ ሠራተኛው አምሮ መታየት አለበት አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቤታቸውም ቢሆን ደህናው ብርጭቆ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። የሰው ትንፋሽ መከለያን ግን እንደ ብርጭቆ ቆጠሩት፤ ይህን ይቅር ማለት ይከብዳል።

ዲንቄ አንዲቱን ጭምብል ሳምንት ሙሉ ታደርጋት ነበር፤ ከሥራ ስትወጣ በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ታሰጣታለች፤ በማግሥቱ መልሳ ታጠልቃታለች። ከሌላው እንዳትለዋወጥባትም ጫፏ ላይ በእስክሪብቶ ስሟን ጽፋባታለች። ካርቶኑ እንዲከፈት ሁለት ጊዜ ለመነች፤ ሁለት ጊዜ ታገሺ ተባለች። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ኦክስጂን፣ ከዚያ አራት ሰዎች በሩቅ ቆመው ያዩት ቀብር ሆነ።

ከቀብሩ ወዲህ ኑሰይባ ነጭ ጋውን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አባቷ በደወሉ ቁጥር ይህን ሥራ ትታ ሱቃቸው እንድትገባ ይለምኗታል፤ እሷም እሺ ለማለት ጥቂት ነበር የቀራት።

በዚያ ረፋድ ካርቶኑ ተከፈተ። አቶ ገመቹ አንዱን ጋውን ዘርግተው ሰጧት።

«ልበሺና ፊት ለፊት ቁሚ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። መዝገብሽንም ዛሬውኑ እፈርምልሻለሁ።»

«ዲንቄ ስትለምንዎት ይሄ የት ነበር?»

«አሁን ጊዜው አይደለም።»

ጋውኑን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። እንግዶቹ ካሜራ ከያዘ ባለሙያ ጋር በሦስት መኪና መጡ፤ የልዑካኑ መሪ ስለ መልካሙ ዝግጅት ምስጋና ማቅረብ እንደ ጀመሩ ኑሰይባ በአሮጌ ጭምብሏ፣ በእጇ ፌስታል ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

«ክቡርነትዎ፣ ይህ ሁሉ ልብስ ከግንቦት ጀምሮ ተቆልፎበት ነበር፤ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት፣ ለእርስዎ ሲባል ነው። እዚህ ውስጥ ያለችው የዲንቄ ኦሊቃ ጭምብል ናት፤ ስሟ ይነበባል። እሷን ቀብረናታል።»

ካሜራው ዝቅ አለ። ክቡርነታቸው ነገሩ ይጣራል ብለው ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። አልተጣራም። ከሰዓት በኋላ ኑሰይባ ከማዕከሉ ተሰናበተች፤ መዝገቧ ሳይፈረም ቀረ፤ ምርቃቷም አንድ ዓመት ተገፋ።

አቦምሳ ገብታ አምስት ወር ስኳርና ሳሙና ሸጠች። ደንበኛ ባሳለ ቁጥር ከወንበሯ ተነሥታ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ አንዳንዱም ተቆጥቶ ሳይገዛ ይሄዳል። አባቷ ይህን ሲታዘቡ ከረሙና ኮሌጆች መከፈታቸው የተሰማ ዕለት ሚዛኑን ከፊቷ አነሡት።

«ሂጂ ልጄ። እዚህ ተቀምጠሽም ልብሽ እዚያው ነው።»

ወደ ትምህርቷ የመለሳት የሙያ ፍቅር ነው ብሎ የሚጽፍ ቢኖር ይሳሳታል፤ ቁጣ ነው የመለሳት። ልምምዱን ከአንድ ጀምራ ደገመችው፤ ዛሬ ሲስተር ኑሰይባ በዲንቄ የትውልድ ከተማ፣ በአዳሚ ቱሉ፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ነርሶች ኃላፊ ናት። እዚያ ጓንትና ጭምብል የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ ልግጠምለት ያለ ሰው ከእሷ ጋር ይጣላል።

የዚያን ዘመን ነገር ታሪክ እንዲህ አድርጎ ይዞታል፤ በማዕከሉ ሪፖርት ላይ ባለው ፎቶ አዲስ ጋውን የለበሱ ሰባት ሠራተኞች ቆመው ይታያሉ፤ ከፎቶው ግርጌም «ያለ አንዳች የቁሳቁስ እጥረት» የሚል ተጽፏል። የኮሌጁ መዝገብ ዲንቄ ኦሊቃን «ትምህርት ያቋረጠች» ይላታል፤ በወረቀት ደረጃ በዚያ ወር ተማሪ ሁሉ ቤቱ ነበርና። እናቷ ወይዘሮ ኤቢሴ ግን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣሉ፤ ያልተቆለፈውን ቁም ሣጥን ከፍተው አንድ ጭምብል ያነሣሉ፤ ጥቂት ይዘውት ይቆዩና መልሰው አስቀምጠው ይሄዳሉ።